ማን ቀድሞ ቀና ይበል

ጓደኛዬ ከእኔ ሌላ ሰው ጋር መታገል የጀመረ ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ። ሚስቴ ያስተረፍኩበትን ሳህን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ "ወዳጇ ጥሏት የሄደ ኮረዳ መሰልክ እኮ አቦ" ትልና ትስቃለች። እኔ አልስቅም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ፀጉሬ ጥጥ መስሎ፣ ከባቡር ጋራዥ በበያጅነት ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ፣ በጓደኛዬ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ቅናት ነው። ሌላ ስም ብፈልግለት አጣሁለት። ትምህርቴ ብዙ አይደለምና ቃል ሲያጥረኝ ያለውን እንዳለ እጽፋለሁ።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። እሱ የድሬዳዋ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቤታቸው ሱማሌኛ የሚነገርበት። እኔ የለገሀሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ባቡር ላይ ነበር። ኳስ ሜዳ ላይ ተጣልተን ነው የተዋወቅነው። ጎረምሶች ሳለን ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲሠሩ ካራቴ የተማሩ አንድ ሰው ወደ ድሬ ተመልሰው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ማስተማር ጀመሩ ሲባል ሰማን። ሁለታችንም ተያይዘን ሄድን።

እኚህ መምህራችን ከመምታት በፊት ያስተማሩን መግባትን ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጣል፣ ስትወጣ እግርህን ዝም ብለህ እንድትከት። ደጃፉ ላይ ቆመህ፣ ቤቱ ባዶ እንኳ ቢሆን፣ ጎንበስ ትላለህ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ የምንወለውለው እኛው ነን። ቀበቶህ ከተፈታ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ታስራለህ፤ ሰው ፊት ልብስ አይስተካከልም። ደግሞ አንቱ። የድሬ ሰው አንቱ አያበዛም። እዚህ ሽማግሌውም፣ ሼኹም፣ ሹሙም አንተ ነው፤ ማንም አይቀየምም። እኔ አንቱ የሚለውን ነገር የለመድኩት መጋዘኑ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምላሳችን እየተያዘ "ና... ይምጡ፣ እንካ... ይውሰዱ" ስንል እርስ በርሳችን ማየት አንችልም ነበር፣ ሳቅ እንዳያመልጠን።

የጓደኛዬ እናት ደግሞ ጎንበስ ማለቱን ሰምታ ተቆጣች። "ለሰው ትሰግዳለህ ወይ?" አለችው። "ሶላት አይደለም ሆዮ፣ ሰላምታ ነው" አላት። በሱማሌኛ እናቴ ማለቱ ነው። አንድ ቀን መጥታ በር ላይ ቆማ አየችን፤ አይታ ስታበቃ "ሌላ ቦታ ደግሞ እንዲህ ጨዋ ብትሆኑ" ብላ ሄደች።

ሌላም ሕግ ነበረ። አሞኛል አይባልም። "ጓደኛህ ክንድህን ሲጠመዝዝ ፊትህ አይለወጥ። መልቀቅ የእሱ ሥራ ነው፤ የአንተ ሥራ እሱን ማመን ነው" ይሉን ነበር። እኛም አመንን። ምን ያህል ጊዜ ክንዴ እሳት እየተፋ ግድግዳው ላይ ያለችውን ምስማር እያየሁ እንደቆምኩ እኔና ምስማሯ ነን የምናውቀው።

ታላቅና ታናሽ የሚለየውም በዕድሜ ወይም በሀብት አልነበረም። በሩን ቀድሞ የገባ ታላቅ ነው። ሰላምታ ሲሰጣጡ ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ፤ ታላቁ ቀና ሳይል ግን ታናሹ ቀና አይልም። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔና ጓደኛዬ አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የገባነው። የመጋዘኑ በር ባለ ሁለት ተከፋች ሰፊ በር ነበር። እሱ "ቀኝ እግሬ ቀድማሃለች" ይላል። እኔ "ቀድሜ የረገጥኩት እኔ ነኝ" እላለሁ። ክርክሩን ለመምህራችን አቀረብን። እሳቸው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። "እናንተው ጨርሱት" አሉን።

እስካሁን አልጨረስነውም። ጎንበስ እንላለን፤ ከዚያ በቅንድባችን ሥር እንተያያለን፣ እኩል ቀና እንላለን። አንዱ ትንሽ ከቀደመ ቀኑን ሙሉ ወሬ ነው። "አየህ፣ ታናሽነትህን ራስህ አመንክ" ወይም "ሰረቅከኝ ወሪያ!" እየተባባልን አረጀን። ወሪያ በሱማሌኛ አንተ ሰው እንደማለት ነው።

መምህራችን በስተመጨረሻ ዘመናቸው ለእኛ ብቻ የሰጡን አንድ ነገር አለ። ጥንዱ ይሉት ነበር። ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ይዞራሉ፣ ይለዋወጣሉ፤ በመጨረሻ አንዱ የሌላውን ክንድ ጠምዝዞ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ጎንበስ ይባባላሉ። ብቻህን አይሠራም። ልጆቻችን አልፈለጉትም፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ከተማ ለቀዋል፣ አንዳንዶቹም አፈር ገብተዋል። መምህራችን ሲሞቱ መጋዘኑ የሽንኩርት ማከማቻ ሆነ። እኛ ወደ እኔ ግቢ ዞርን። ኒም ዛፍ አለችኝ፤ ከሥሯ ሲሚንቶ አስለብሼበታለሁ። እሱ ከሱብሂ ሶላት መልስ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ይመጣል፣ ሰንደል ጫማውን ከእኔ ጎን አፍንጫዋን ወደ ውጭ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጥንዱን እንሠራለን። ከዚያ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን። ማግባት፣ መውለድ፣ መቅበር፣ ጎርፍ፣ የባቡሩ መቆም፣ ሁሉም ያለፈው በእነዚያ ጠዋቶች መሀል ነው።

አንድ ጠዋት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሱቁ ሄድኩ። ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ። "ዕቃ እየገባ ነው ወላል፣ ሥራ በዛብኝ" አለ። ወላል ወንድሜ ማለት ነው። እሺ አልኩ። ሳምንት አለፈ። "ልጄ ታማብኝ" አለ። ልጅቱን ግን ጠዋት ገበያ አይቻታለሁ፤ ጤነኛ ናት፣ እንደውም ተጨቃጭቃ ቲማቲም ስትገዛ ነበር። በር ላይ ጫማዬን ብቻዋን ሳይ ደስ ስለማይለኝ ወደ ውስጥ አስገባኋት።

የነገረኝ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። ሰው አውርዶ ሲመለስ ቆም አለና "አባባ፣ ያ ጓደኛህ እኮ ጉድ ነው!" አለኝ።

"ምን አደረገ?"

"ከዚራ ሰፈር ያለው ጂም ገባ። በየሁለት ቀኑ እኔ ነኝ የማደርሰው። ቁምጣ ለብሶ ስታየው፣ ወላሂ፣ በሳቅ ትሞታለህ።"

አልሞትኩም። ቁምጣ! ከእኔ ጋር ሲሠራ ሙቀቱ እሳት ቢሆን እንኳ ነጭ ልብሱን ሳይለብስ፣ ቀበቶውን ሳያጠብቅ የማይጀምር ሰው።

በማግስቱ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ወጣሁ። ሚስቴ "ልትይዛቸው ነው?" አለችኝ።

ከዚራ ዛፎቹ ተደጋግፈው መንገዱን ያለብሱታል። ከአሮጌዎቹ ቪላዎች በአንዱ ጓሮ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ሙዚቃው ከመንገድ ይሰማል። በሩ ተከፍቷል። ውስጥ ወለሉ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፣ ከጣሪያው የቡጢ ጆንያ ተንጠልጥሏል፣ ላብ ላብ ይሸታል። ልጆቹ ቡጢም፣ እርግጫም፣ መሬት ላይ ትግልም ቀላቅለው ነው የሚማሩት። ጫማቸውን አይቼ አዘንኩ። አንዱ በጀርባው ተገልብጧል፣ አንዱ የሌላው ላይ ወጥቷል፣ አንዱ ብቻውን ነው፣ ጓደኛው የት እንዳለ አይታወቅም።

የእኔን አወለቅሁ፣ አፍንጫዋን አዞርኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ እንደልማዴ ጎንበስ አልኩ። ቤቱ የማንም ቢሆን ሰላምታዬ የእኔ ነው። መምህሬን አስቤ ትንሽ ቆየሁ መሰለኝ።

"ወሪያ፣ ሙዚቃውን ቀንሱት! አባባ የሆነ ነገር ጠፍቶበታል!"

ሙዚቃው ቆመ። "ምን ጠፋብህ አባባ? ቁልፍ ነው?"

"ጥርሱ ይሆናል አቦ፣ እንዳትረግጡት!"

ከዚያ ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ጓንት ያጠለቀውም ያላጠለቀውም፣ መሬት መሬቱን እያየ ጎንበስ አለ። አንዱ የስልኩን መብራት አበራ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰላምታ ተቀብዬ አላውቅም።

ከጥግ አንድ ሳቅ ሰማሁ። ሳቁን ከየትም አውቀዋለሁ። ጓደኛዬ ጉልበቱ ላይ የደረሰ ቁምጣ ለብሶ፣ ቀጫጭን እግሮቹን አውጥቶ፣ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

"ምንም አልጠፋበትም" አላቸው። "ሰላም እያለ ነው።"

"ለማን?"

"ለቤቱ።"

"ቤቱማ ኪራይ ነው አባባ" አለኝ አንዱ፣ ከልቡ።

አሰልጣኟ መጣች። ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ወደ ኋላ አስራዋለች። ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ ማታ ማታ እዚህ ታስተምራለች። ልጆቹ ኮች ይሏታል። ጓደኛዬን ደግሞ አዴር፤ በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው። "አዴር፣ ይሄ ማነው?" አለችው።

"ወንድሜ ነው" አለ። "አብረን ነው ያረጀነው።"

ሳቁ ጠፍቶ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር መጣ፤ ሱቅ ውስጥ የጎደለ ጨርቅ የለካ ያህል። እኔ ግን ደህና ዋላችሁ ብዬ የተኛ የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጣሁት ብልግና ልፈልግ ነው። እውነቴን ነው። አገኘሁም። አንዱ ማስቲካ ያኝካል። አንዱ ኮቿ እየተናገረች ሱሪውን ሰው ፊት ያጠብቃል። አንዷ "ኧረ ኮች ደክሞኛል፣ ልትገይኝ ነው እንዴ!" ብላ ትጮህባታለች፣ ኮቿ ደግሞ "አንቺ ሰነፍ፣ ሞተሽም አስር ይቀርሻል!" ትላታለች። ይህን ሁሉ እንደ ሽምብራ እየለቀምኩ ኪሴ ከተትኩ፤ ቤት ሄጄ ለሚስቴ ልዘረግፈው።

ከዚያ ሁለት ጎረምሶች ሊጋጠሙ ተነሱ። ጓንታቸውን አነካኩ። ተቧቀሱ፣ ተራገጡ፤ እኔ እንኳ ጥርሴን ነከስኩ። ደወሉ ሲደወል ያሸነፈው ሮጦ አንዱን ጓንት በጥርሱ ፈታና ውሃ አነሳ። የተሸነፈው በጓንት ኮዳ መያዝ አይችልም። ያሸነፈው አንገቱን ደግፎ አጠጣው፤ እንደ ሕፃን። ከዚያ ተቃቅፈው፣ ላባቸው ተቀላቅሎ፣ እየሳቁ ተቀመጡ። እኛ መጋዘን ውስጥ ጎንበስ ብለን በየግድግዳችን ሄደን ነበር የምናርፈው። ውሃ ያጠጣኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ይሄኛውን ኪሴ ልከተው አልቻልኩም።

ቀጥሎ ጓደኛዬ ተራው ደረሰ። ከአንድ ሹፌር ልጅ ጋር ስፖንጁ ላይ ተቀመጡና ትግል ጀመሩ። ልጁ እየተጠነቀቀለት ነው፤ ያስታውቃል። ሲገላበጡ ቆይተው ልጁ ክንዱን ያዘውና ሳብ አደረገ። ይሄኔ ጓደኛዬ በሌላኛው እጁ የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ልጁ በቅጽበት ለቀቀ።

"ምን ማለቱ ነው?" አልኳት ኮቿን።

"ታፕ ነው አባባ። በቃኝ፣ አመመኝ ማለት ነው። ሰው ታፕ ካደረገ ወዲያው ትለቃለህ። እዚህ ቤት ትልቁ ሕግ እሱ ነው። ታፕ ተደርጎ ያለቀቀ ተመልሶ አይገባም።"

ቀና ብዬ አየሁት። ተነስቶ ይስቃል። "ጉልበቴን ተጠንቀቅልኝ ብዬህ አልነበር?" ይለዋል ልጁን። ልጁም "ይቅርታ አዴር፣ ይቅርታ" ብሎ ጉልበቱን ያሽለታል። ያሽለታል! ከአርባ ዓመት በላይ ከእኔ ጋር ሲወድቅና ሲነሳ አንድ ቀን አመመኝ ብሎኝ የማያውቅ ሰው ትናንት ለተዋወቀው ጎረምሳ ጉልበቱን ሰጠ። ልቤ ምን እንዳለ ልጽፈው አልችልም። ሚስት ባሏ ከሌላ ጋር ሲስቅ ስታየው የሚሰማት ይህ ከሆነ፣ ለሴቶች ሁሉ አዘንኩ።

አላበቃም። ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹ እየተጯጯሁ ተበተኑ። ጓደኛዬ ግን ኮቿ ፊት ሄዶ ቆመና ጎንበስ አለ። በደንብ፣ እንደ ድሮው። እሷ በፍጥነት አንገቷን ሰበር አድርጋ ቀና አለች፤ ሥርዓቱን የት ታውቀዋለች? እሱ ግን ቆየ። እሷ ቀና ካለች በኋላ ነው ቀና ያለው። ለእኔ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ቅንድብ ያላበደረኝ ሰው!

አብረን ወጣን። ባጃጅ አልፈለግንም፤ ከዛፎቹ ሥር ሄድን። እሱ ትንሽ ያነክሳል። እስከዛሬ አላየሁትም ነበር፣ ወይም አላሳየኝም።

"ለእሷ ጎንበስ ትላለህ" አልኩት።

"አስተማሪዬ ናት።"

"የልጅህ እኩያ ናት።"

"ወሪያ፣ ሕጉን ረሳኸው እንዴ? በሩን ቀድሞ የገባ ነው። እሷ ቀድማኝ ገብታለች።"

በራሴ መምህር ሕግ አፌን ዘጋው።

ጥቂት ሄድንና "ጉልበትህ መቼ ነው የጀመረህ?" አልኩት።

"ሲሚንቶህ ነው የጀመረኝ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። "ቆይቷል። ባለፈው ዝናብ ጊዜ ጠዋት ከአንተ ወጥቼ ድልድዩ ላይ መቆም አቃተኝ። አንድ ሴትዮ ደግፋ አሻገረችኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለማን ይነገራል? አሞኛል አይባልም። አንተስ ትከሻህን ነግረኸኛል?"

ቆምኩ። "ምን ትከሻ?"

"ቀኝህን ነዋ። ቀኝህን ስይዝ ስንት ዓመቴ ነው ቀለል የማደርግልህ? እጄ ያረጀ መስሎህ ነበር?"

እውነትም እጁ ያረጀ መስሎኝ ነበር። እንደውም በልቤ እየታዘብኩት፣ ደከመ እያልኩ እያዘንኩለት ነበር። ደህና እደር ተባብለን ተለያየን። ወደ ሱቁ ሲታጠፍ "እዚያ ወለሉ ለስላሳ ነው ወላል፣ ና" አለኝ። እኔ "አያለሁ" አልኩት፤ አልሄድም ማለቴ ነው። ያንን በር ከገባሁ እሱ ቀድሞኛል። ዕድሜ ልክ የተከራከርነው ነገር በአንዲት የቆርቆሮ በር ያልቃል።

ጠዋት ብቻዬን ኒሟ ሥር ቆምኩ። ግማሹን ጥንድ ሠራሁ። የእኔን ምት መታሁ፣ የማይመጣውን ምት ተቀበልኩ፣ ዞርኩ። ክንዱን መያዝ ያለብኝ ቦታ ስደርስ እጄ ነፋስ ጨበጠ። ሚስቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር። "ያዝከው?" አለችኝ።

ስፖንጅ ነው የቀደመኝ አልኩ በልቤ። ሌላ ምንም አይደለም። ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ እኔም አለኝ። ሚስቴ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ የመኝታችንን ፍራሽ ጎተትኩና ኒሟ ሥር ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁት። የእንግዳውንም ከጎኑ። አንሶላ አልብሼ፣ ጥጉን በድንጋይ አስያዝኩ። አርብ ጠዋት ሱቅ አይከፍትምና ሰው ላኩበት፤ "ለጉልበትህ መድኃኒት አግኝቻለሁ፣ ና" ብዬ።

መጣ። ጫማውን አውልቆ ከእኔ ጎን አስቀመጠ። ያቺን ጫማ ሳይ ብቻ ግማሽ ቅናቴ ወጣልኝ። ከዚያ ፍራሹን አየ፣ እኔን አየ። ወደ ቤት ገብቶ ነጭ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ጎንበስ ተባባልን፣ እኩል ቀና አልን። ጀመርን።

ፍራሽ ላይ የቆመ ሰው ካራቴ መሥራት እንደማይችል ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። እግራችን ይሰምጣል። እሱ ሲመታ እንደ ሰከረ ይወዛወዛል፤ እኔ ስቀበል ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ስንዞር ሁለቱ ፍራሾች ተለያዩና አንድ እግሬ በመሀል ገባ። ክንዴን ይዞ ሳለ ወደቅሁ፣ እሱም ከነክብደቱ ላዬ ላይ። ትከሻዬ ጮኸች። ምስማሯን ፈለግሁ፤ ግን ፊቴ ያለው የኒም ቅጠል ብቻ ነው። ግራ እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣ ፍራሹን መታ መታ አደረገ።

ወዲያው ለቀቀኝ። ሁለተኛዋ ምት ሳታርፍ።

ተጋድመን ቆየን። ፀሐይ በቅጠሉ መሀል ዓይናችን ውስጥ ትገባለች። "ማን አስተማረህ?" አለኝ።

"ስትስቅ አይቼ ነው።"

"አሁን የሳቅኩ ይመስልሃል?" አለ። አልሳቀም። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ አጥንቱ የገባበትን እየፈለገ፣ ማሸት ጀመረ። የቆየ ጋራዥ ውስጥ የዛገ ብሎን ሲላቀቅ እንደሚሰማው ያለ ነገር ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ።

ሚስቴ ከነዘንቢሏ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ፍራሼን!" አለች። ኋላ ላይ ግን ለጎረቤት ስታወራ "ይዣቸዋለሁ፣ አንድ ፍራሽ ላይ" እያለች ሰፈሩን ስታስቅ ሰነበተች።

ሲሄድ ጫማው ውስጥ እግሩን ከተተና ዞር አለ። "ነገ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ቀድመህ ገብተሃል" አልኩት።

ለምን እንዳልኩት ወዲያው ገባው። ፂሙ ውስጥ ፈገግ አለ። "ገብቻለሁ። ምን ይደረግ እንግዲህ?"

"ያ ሌላ በር ነው።"

"በር በር ነው ወላል። ደግሞ ያን ቀን ገብተህ የለ? ጥርስህን ፍለጋ።"

በማግስቱ ሄድኩ። እሱ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የእነዚያ ጎረምሶች ጫማ እንደልማዱ ተገለባብጦ ተበትኗል፤ ከዳር ግን አንዲት አሮጌ ሰንደል አፍንጫዋን ወደ ውጭ አዙራ፣ ከጎኗ የአንድ ጫማ ያህል ቦታ ትታ ተቀምጣለች። የእኔን እዚያ አስቀመጥኩ። ሰላም ስል ማንም ምንም አልፈለገም፤ አንዱ ብቻ "ቤቱ ደህና ነው አባባ" አለኝ።

ኮቿ ሙዚቃውን አጠፋችልን። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ማስቲካ የሚያኝከውም እያኘከ። ጥንዱን ሠራን። ወለሉ ለስላሳ ነው፤ ግን እንደ ፍራሽ አያሰምጥም። ጉልበቱ ታዘዘችው። ቀኜን ሲይዝ ቀለል አደረገ፤ አሁን አውቄዋለሁና ትንሽ ጠበቅ እንዲያደርግ በዓይኔ ፈቀድኩለት። ጠበቅ አደረገ፣ መታ አደረግሁ፣ ለቀቀ። እኔም ስይዘው እንዲሁ። ከመምህራችን መጋዘን ወዲህ ጥንዱን ከሚስቴ ሌላ ሰው ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ጎንበስ አልን።

መብቱ የእሱ ነው። በሩን ቀድሞኛል። ስለዚህ እስኪነሳ ልጠብቀው ቆረጥኩ፤ ያማል፣ ግን ሕግ ነው። በቅንድቤ ሥር አየሁት። እሱም በቅንድቡ ሥር ያየኛል። አይነሳም። እኔም አልተነሳሁ። ይቆያል፣ እቆያለሁ።

"ወሪያ፣ አሁን ደግሞ ምን ጠፋባቸው?" አለ አንዱ በሹክሹክታ።

"ዝም በል" አለችው ኮቿ።

ቁልቁል ስመለከት ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ካልተነሳሁ አይነሳም፤ ሞኝ ነው፣ ያን ያህል አውቀዋለሁ። ብነሳ ደግሞ መብቱን ነጠቅሁት። እጄን ዘረጋሁና ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

ቀና አልን። ማን እንደቀደመ እኔም አላየሁ።

ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አፏጩ። እሱ ጉልበቱን ይዞ፣ ላቡ በፂሙ እየወረደ፣ ፊቱ በርቶ ዞር አለ፤ ዞሮ መጀመሪያ ያየው ኮቿን ነው። አይታን እንደሆነ ለማወቅ። እኔን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

አላመለጠኝም።